ሀዋሳ ኤርፖርት ወርዳችሁ መኪና ስትፈልጉ

አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ስለ ሆቴል፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ኔትወርክ ይጽፋል። እኔ ልጽፍ የፈለግሁት ከአውሮፕላን ከወረድን በኋላ ስለምንሳፈረው መኪና ነው። ነገሩ የእንጀራዬም ጉዳይ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ኡበር እነዳለሁ፤ ብዙ ጊዜዬን የማሳልፈው ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ዳለስ ኤርፖርት ነው። ስለዚህ የትም ኤርፖርት ስደርስ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ሹፌሮቹ የት እንደቆሙና መንገደኛው የት እንደሚጠብቅ ላይ ነው። በዚህ ጉዞ ደግሞ ጉልበቷን የሚያማት አክስቴ አብራኝ ስለነበረች እያንዳንዱን እርምጃ ቆጥሬያለሁ ማለት እችላለሁ።

ከአዲስ አበባ ልጀምር። እዚያ መኪና በስልክ መጥራት ሰው የለመደው ነገር ሆኗል። ራይድ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ያንጎም ገብቷል። እኔ በጣም የምወደው ነገር አፕ የሌለውም ሰው መጥራት መቻሉ ነው። ተራ ስልክ ይዛችሁ ለራይድ 8294፣ ለፈረስ 6090 ትደውላላችሁ፤ ያላችሁበትን ትናገራላችሁ፤ መኪና ይመጣል። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስትጀምር በአጭር መልእክት ነበር የሚሠራው። ስማርት ስልክ የሌለውን ሰው ከመጀመሪያው አስበውበታል። እኛ ጋ አሜሪካ አፕ የሌላቸው አዛውንት ኤርፖርት በር ላይ ልጆቻቸውን ሲጠብቁ ሳይ ይህ ነገር ሁሌም ትዝ ይለኛል።

ቦሌ ስትደርሱ ግን የጠራችሁት መኪና በሩ ድረስ አይመጣም፤ ፓርኪንግ ድረስ ሄዳችሁ ነው የምታገኙት። ሻንጣ ለሚገፋ ጎረምሳ ምንም አይደል። ለአክስቴ ግን ረጅም ነው። አንድ ሹፌር ጥሪዬን ተቀብሎ ደወለና «ወዴት ነው? በካሽ ነው?» አለኝ። ሰፈሩን ስነግረው ዝም አለ፣ ከዚያ ሰረዘው። ተናድጄ ነበር፤ አሮጊት ይዤ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ። ግን ሥራውን አውቀዋለሁና የእሱም ነገር ይገባኛል። መንገደኛ ዘግይቶ ሲወጣ የፓርኪንጉን ሰዓት የሚከፍለው ማነው? አጭር መንገድ ከሆነ ምን ይተርፈዋል? የሚቀጥለው ሹፌር መጣ፤ ሻንጣውን ራሱ ጫነ፤ በቴሌብር ከፈልኩ፤ ያለ ጭቅጭቅ ደረስን።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አፖቹ ሲመጡ ኤርፖርቶቹ በጣም ነበር የተደናገጡት። የኤርፖርት ገቢ ከአየር መንገድ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ፓርኪንግ ትልቅ ገንዘብ ነው። ሰው መኪናውን ቤቱ ትቶ በኡበር ሲመጣ ያ ገንዘብ ይቀንሳል። መጀመሪያ ብዙ ቦታ ክልከላና ቅጣት ነበር። ኋላ ግን ፈቃድ እየሰጡ በየጉዞው ማስከፈል ጀመሩ። የሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት በ2014 ተስማማ። ዳለስና ሌላው የዋሽንግተን ኤርፖርት ሬገን ደግሞ በ2015 መጨረሻ ገደማ ሲፈቅዱ ለእያንዳንዱ ማድረስና መጫን 4 ዶላር አደረጉ። 

ገንዘቡ ከተስተካከለ በኋላ የመቆሚያ ቦታ ጥያቄ ቀረ። መኪናው ሁሉ በር ላይ ሲቆም መንገዱ ይታፈናል። የሎስ አንጀለስ ኤርፖርት በ2019 ከተርሚናሉ ውጭ አንድ ሜዳ ለይቶ ታክሲውንም የአፕ መኪናውንም ወደዚያ አዛወረ፤ መንገደኛውን በአውቶቡስ ያመላልሱታል። ፖርትላንድ ደግሞ በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ተሞከረ። ሰው በስም የተላከለትን መኪና እየዞረ አይፈልግም። ስልኩ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሰልፍ ይይዛል፤ ከፊት የቆመችው መኪና ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ለሹፌሩ ይነግራል፤ ይሄዳሉ። «ነጭ ቶዮታ፣ የት ነህ? እጅህን አውጣ» የሚባል ነገር የለም። እኛ ሹፌሮቹ የምንጠብቀው ራቅ ባለ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ውስጥ ስትገቢ ስልኩ ወረፋ ያስይዝሻል፤ መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይጭናል። እዚያ ተራ አስከባሪው ስልኩ ነው። አንዳንድ ኤርፖርት ላይ ደግሞ ሰው አድርሶ የሚወጣ ሹፌር ሜዳ ሳይገባ እዚያው ሌላ ሰው ይሰጠዋል። ባዶ መሄድ ቀረ፤ ነዳጅ ተረፈ፤ መንገዱም ቀለለው።

እንግዲህ ወደ ሀዋሳ።

በረራው አጭር ነው፤ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ለማረፍ ቀበቶ እሰሩ ትባላላችሁ። ኤርፖርቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ይህ «ወጣ ብሎ» የሚለው ነገር ነው ሁሉንም የሚወስነው። ከተማ ውስጥ ባጃጅ እንደ ልብ ነው፤ ከፒያሳ አቶቴ፣ ከመናኸሪያ ሪፈራል በትንሽ ብር ትደርሳላችሁ። ኤርፖርት ላይ ግን ሥራው በኮንትራት ነው። ብዙው ሰው ዘመድ ይመጣለታል፣ ወይም ሆቴሉ መኪና ይልክለታል፣ ወይም ስልክ ቁጥሩን የያዘው ደንበኛ ሹፌር አለው። እኔም አፕ አልከፈትኩም፤ የአክስቴ ልጅ አስቀድሞ የሚያውቀውን ልጅ ልኮልን ነበር።

ልጁን ላመስግነው። ቪትዝ ነው የሚነዳው፤ ትንሽ መኪና ናት። አክስቴን ሲያይ የፊቱን ወንበር ሻንጣው እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ሳበው። ከዚያ አንድ መዳፉን በሩ ጣራ ላይ አደረገ፤ ጭንቅላቷን እንዳይመታት ነው። «እማዬ፣ ቀስ ብለው። ማንም አያስቸኩለንም» አላት። አክስቴ ከተማው መግቢያ ላይ እስካለው ጥቁር ውሃ ድረስ መረቀችው። እኔ ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርቼ እጁን እንደዚያ የሚያደርግ ሹፌር ብዙ አላየሁም።

ዋጋውን አልጽፍም፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ነገ የጻፍኩት ያሳስታችኋል። ግን ለምን ውድ እንደሚመስል ጠይቄዋለሁ። «እህቴ፣ አንቺን ለማምጣት ባዶዬን ነው የመጣሁት። ካንቺ የምቀበለው የሁለት መንገድ ነዳጅ ነው» አለኝ። ልክ ነው። ሀዋሳ ላይ አፕ ብቻውን የማይፈታው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። አፕ የሚሠራው መኪና አጠገባችሁ ሲኖር ነው። የአገር ውስጥ በረራው አውሮፕላን ሲሞላ 70 የሚያህል ሰው በአንዴ ያወርዳል። ሁሉም በዚያው ሩብ ሰዓት መኪና ይፈልጋል። ከዚያ ቀጣዩ በረራ እስኪመጣ ሜዳው ጭር ይላል። ማን ሹፌር ነው ከከተማ ወጥቶ እዚያ ሲጠብቅ የሚውለው? ማንም።

ነገር ግን ልብ በሉ። የመጣው አውሮፕላን ነው መልሶ ሰው ይዞ የሚሄደው። ይህ ማለት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገደኛ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ከማረፉ በፊት ኤርፖርት ደርሷል ማለት ነው። እሱን ያደረሰው ሹፌር እዚያው ነው ያለው! ትንሽ ቢታገስ የሚመጣውን ይዞ ይመለሳል፤ ሁለቱም መንገድ ሥራ ይሆናል፤ ዋጋውም ለሁለቱም መንገደኛ ሊቀንስ ይችላል። ትልልቆቹ ኤርፖርቶች በስንት ቴክኖሎጂ የፈለጉት ነገር ሀዋሳ ላይ የበረራው ሰዓት ራሱ ያመቻቸዋል። የሚያስፈልገው ያደረሰ ሹፌር የሚጠብቅበት ጥላ ያለው ቦታ፣ ተራ የሚይዝበት አንድ ወረቀት፣ መንገደኛው የሚያነበው የዋጋ ሰሌዳ ነው። ፒያሳ ይህን ያህል፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህን ያህል፣ ሐይቁ ዳር ይህን ያህል ብሎ መጻፍ። ለልጁ ይህን ስነግረው ሳቀና «እኛማ ሁሌ እናወራዋለን፤ ተራ ካለ ማንም ማንንም አይጎትትም» አለኝ።

ሌላም አለ። እኛ መኪና ተጋርቶ እያንዳንዱ የራሱን ከፍሎ መሳፈርን የሚያስተምረን አያስፈልገንም፤ በሚኒባስ ያደግን ነን። ከአንድ አውሮፕላን የወረዱ ሦስት ሰዎች ሦስቱም ፒያሳ አካባቢ የሚሄዱ ከሆነ ለምን ሦስት መኪና ኮንትራት ይይዛሉ? አሜሪካ ኩባንያዎቹ የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ መኪና ለማሳፈር ብዙ ለፍተዋል፤ ሰዉ ግን ከማያውቀው ሰው ጋር መቀመጥ ይከብደዋል። ሀዋሳ ላይ በረራው ሳያልቅ ከጎንሽ ካለችው ሴትዮ ጋር ዘመድ ሆነሽ ትወርጃለሽ። አፕ የሚሠሩት ልጆች ለክልል ከተማ ኤርፖርት ሲያስቡ ከዚህ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል፤ የበረራውን ሰዓት የሚያውቅ፣ መቀመጫ በሰው የሚሸጥ፣ ማታ የሚነሳውን ሰው ከወዲሁ መዝግቦ ለሹፌሩ የሚነግር።

ስመለስም ያንኑ ልጅ ጠራሁት። በዋዜማው ማታ ደውሎ ሰዓቱን አረጋገጠ፤ ጠዋት ከተባለው ቀድሞ በር ላይ ነበር። ኤርፖርት ሲያደርሰኝ ወዲያው አልሄደም። ከሚያርፈው አውሮፕላን የሚወርድ ሰው እንዳለው ነገረኝ፤ አንድ ሆቴል ነው የሰጠው። ስለዚህ ከእኔ የተቀበለው የአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ራሱ ነው የቀነሰው፣ እኔ አልጠየቅሁትም።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ከመብረራችሁ በፊት ለሹፌሩ የበረራ ቁጥራችሁን ላኩለት፣ በረራ ሲዘገይ በከንቱ እንዳይለፋ። ዋጋውን በስልክ ጨርሱ። አዛውንት ከያዛችሁ ዊልቸር አስቀድማችሁ ለአየር መንገዱ አስመዝግቡ፣ ቦሌ ላይ ይጠቅማችኋል። የመመለሻችሁን ቀንም ያኔውኑ ንገሩት፤ ምናልባት በዚያው በረራ የሚመጣ ሰው ያገኝ ይሆናል፣ እናንተም ትጠቀማላችሁ።