ሴሊካ፣ ሱባሩ ወይስ ኤም 3? ድሬ ላይ ፈጣን መኪና ለምትፈልጉ

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣብኛል። «አቦ፣ ስፖርት መኪና ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻለኛል?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ ብሩን አዘጋጅቶ፣ ቀለሙን መርጦ፣ ልቡም አንዱ ላይ አርፎ ነው የሚመጣው። የኔ መልስ ግን አይቀየርም። ቶዮታ ሴሊካ፣ ባለ 1.8 ሊትሯ። «እሷማ ኮሮላ ናት እኮ!» ይሉኛል። አዎ፣ ሆዷ፣ ማለትም ሞተሯ፣ የኮሮላ ነው። የምመክራትም ለዚሁ ነው።

የማወራው በፈረንጅ ከ2000 እስከ 2006 አካባቢ ስለተሠሩ ሦስት መኪኖች ነው። ሴሊካ፣ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ እና ቢኤምደብልዩ ኢ46፣ ማለትም ፈጣኑ ኤም 3 ወይም «ኤም 3 ነው» ተብሎ የሚሸጠው ተራው (318፣ 325፣ 330 የሚባለው)። መልካቸውንና የበራቸውን ብዛት ፎቶ ላይ ታዩታላችሁ። እኔ የማወራው ስለ ብር ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ባገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ጭራሽ ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀና ዱባይ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ሰማይ ነካ። ስለዚህ አሁን የምትገዙት መኪና አገር ውስጥ ያለ፣ ሦስትና አራት ሰው የነዳው ነው፤ ሻጩም ሌላ እንደማይገባ ያውቃል። በቅርቡ ስጠይቅ ደህና ሴሊካ 2.3 ሚሊዮን ብር ተባልኩ። ደብልዩ አር ኤክስ 2.8 ሚሊዮን። ቢኤሙ 1.7 ሚሊዮን። በማግስቱ ሌላ ዋጋ ሊነገራችሁ ይችላል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም አይለወጥም። ልጆቹ ቢኤሙ ላይ የሚያርፉትም እዚሁ ጋ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር የጀርመን መኪና ከሴሊካ በ600 ሺህ ሲረክስ ዓይን ይበራል። ግን ሻጩ ለምን እንዳረከሰው ጠይቁ።

መጀመሪያ ኤም 3 መሆኑን እዩ። አንድ ጎረቤቴ ባለ አራት በር «ኤም 3» ገዛ። ኢ46 ኤም 3 በአራት በር ተሠርቶ አያውቅም፤ የወጣው በኩፔ፣ ማለትም ባለ ሁለት በር፣ እና ጣሪያው በሚከፈተው ብቻ ነው። የእሱ 318 ነበር፤ ኋላው ላይ ምልክት ተለጥፎበት፣ ከሥር አራት የማርሚታ ጫፍ ተበይዶለት። ከተራ 318 በላይ የጨመረው 400 ሺህ ብር ነው። ለምልክትና ለቱቦ! እውነተኛው ባለ 3.2 ሊትር ሞተር ነው፣ 343 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ኮፋኖው መሃል ላይ ያበጠ ነው፣ የጎማ ቤቱም ወደ ውጭ የሰፋ ነው። ይህን ሁሉ ባትላሜራ ሊያስመስለው ይችላል። የሻሲ ቁጥሩን ግን አይችልም። የኤም 3 ሻሲ ቁጥር ደብልዩ፣ ቢ፣ ኤስ ብሎ ይጀምራል፤ የተራው ሦስተኛ ፊደል ብዙውን ጊዜ ኤ ነው። ሊብሬውን ከሻሲው ጋር አመሳክሩ፣ አለቀ።

እውነተኛ ሆኖ ቢገኝስ? ያኔ ነው የሚብሰው። የዚህ ሞተር ብሮንዚን፣ የፒስተኑን ዘንግ ክራንኩ ላይ የሚሸከመው ስስ ብረት፣ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ችግር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መኪኖች ቢኤምደብልዩ ራሱ ጠርቶ ቀይሮላቸዋል። ከኋላ ዲፈረንሻሉ የተሸከመበት ላሜራ ይሰነጠቃል። ዘይቱ 10 ደብልዩ 60 የሚባል ነው፣ እዚህ በየሱቁ የምታገኙት አይደለም። ተራውን 330 ወይም 325 ብትወስዱ ከእነዚህ አብዛኞቹ ይቀሩላችኋል፤ ማቀዝቀዣው ግን ያው ነው። የውሃ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ፣ የራዲያተሩ ጎን ፕላስቲክ፣ ቱቦ ማገናኛዎቹ ፕላስቲክ። ሃያ ዓመት የሞላው ፕላስቲክ በድሬ ሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የኛ ውሃ አለ። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። ያንኑ ውሃ ከቧንቧ ቀድቶ ራዲያተር ውስጥ የሚጨምር ስንት አለ! መስመሩ ይደፈናል፣ ከዚያ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስትወጡ እንፋሎት ይጀምራል። ቢኤም አንዴ ከጋለ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይጣመማል። ቴስታታ ማስላጥ፣ ጓርኒሲዮን፣ የውሃ ፓምፕ፣ የእጅ ዋጋ ስትደምሩ ያ የ600 ሺህ ልዩነት ማለቅ ይጀምራል። የሚገዛ ሰው ራዲያተሩን ሞተሩ ሳይሞቅ ይክፈተው፤ ውሃው ዝገት ከመሰለ ወይም ላዩ ላይ ዘይት ከታየ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ።

ሱባሩን አልሰድበውም። ለመንዳት ከሦስቱ እሱ ነው መኪና። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ገደማ ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። የሴሊካ 140 ፈረስ ሐረማያ ላይ ወደ 112 ወርዷል ማለት ነው። ደብልዩ አር ኤክስ ግን እንደየአገሩ ከ218 እስከ 250 ፈረስ ይዞ የወጣ ነው፣ ቱርቦው አየሩን እየጨመቀ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙም አይጎዳውም። በአራቱም ጎማ ይጎትታል። ደንገጎ ኩርባ ላይ ከኋላው ሆኜ አይቻለሁ፣ በሴሊካ አይደረስበትም። አበቃ።

ከዚያ ግን ጋራዥ አለ። ወንድሜ ደብልዩ አር ኤክስ ነበረው። የዚህ ሞተር ታይሚንግ፣ ባልቦላውን ከፒስተኑ ጋር በሰዓቱ የሚያስኬደው፣ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው፣ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል፣ ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ፒስተኑ ባልቦላውን ይመታዋል። ወንድሜ በሰዓቱ አስቀየረ። ዕቃው የኦሪጅናል ካርቶን ነበረው፣ የጃፓን ጽሑፍ ነበረው፣ ዋጋውም የኦሪጅናል ነበር። ቺንጋው ደህና ነበር፤ ቺንጋውን የሚወጥረው ቴንሽነር ግን ኮፒ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አወዳይ ላይ፣ ጫት ጫኝ አይሱዙዎች መሃል፣ ቀጥ አለ። ባልቦላ ታጥፎ፣ ቴስታታ ወርዶ፣ ዕቃው በሰው ሻንጣ ከዱባይ እስኪመጣ መኪናው ጋራዥ ጥግ አቧራ ጠጣ። የሞተሩ ሲሊንደሮች ወደ ጎን የተኙ ስለሆኑ ሁለት ቴስታታ ነው ያለው፤ ደፍሮ የሚነካው መካኒክ ጥቂት ነው፣ የሚነካውም ዋጋውን ያውቃል። ለዚያ ጥገና የወጣው ብር ያገለገለ ባጃጅ ይገዛ ነበር። ሱቁ ምን አለ? «እኛም ኦሪጅናል ብለን ነው የገዛነው።»

ከዚያ ወዲህ ካርቶን አላምንም። አሮጌውን ዕቃ ፈትቼ ይዤ እሄዳለሁ፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ ክብደቱን፣ በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር፣ የኩሽኔታውን ድምፅ እፈትሻለሁ። ካንዴላም እንደዚያው። ኢሪዲየም የሚባለው የመሃሉ ጫፍ በጣም ቀጭን ነው፣ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ወፍራም ጫፍ አይታችሁ «ኢሪዲየም» ካሏችሁ ሳቁና ውጡ።

ሱባሩ የግድ ካላችሁ ሲሞቅ ከታች ቋ ቋ የሚል ድምፅ እንዳለው አዳምጡ፣ ካለ ብሮንዚን ነው፣ በነፃም አይወሰድ። ዳገት ወጥታችሁ ወዲያው አታጥፉት፣ ቱርቦው ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። «ኤስ ቲ አይ ነው»፣ ማለትም ከደብልዩ አር ኤክስ የሚበረታው ዓይነት ነው፣ ካሏችሁ ደግሞ የዚህ ዘመን ኤስ ቲ አይ ባለ ስድስት ማርሽ ነው፣ ደብልዩ አር ኤክስ ባለ አምስት። ወርቃማ ቀለም የተቀባ የፍሬን ሽፋን ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ሴሊካ ልመለስ። የተራዋ ሞተር ዋን ዜድ ዜድ ነው፣ ኮሮላም ራቭ ፎርም የተገጠመላቸው። የውሃ ፓምፕ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የሞተር ኩሽኔታ ብታጡ ድሬ ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ሰፈሩ፣ ስልክ ተደውሎ በማግስቱ በአውቶቡስ ይደርሳል። ታይሚንጓ በሰንሰለት ነው። እዚህ ያለውን ቤንዚን ያለ ቅሬታ ትጠጣለች። ኮፒ ዕቃ ለእሷም አለ፣ ግን ኦሪጅናሉን አይቶ የሚያውቅ መካኒክ በየሰፈሩ ስላለ ያጋልጠዋል። ሐረር ፔጆ 404 እስከ ዛሬ ታክሲ የሆነው ፔጆ ስለማይበላሽ አይደለም፣ ሲበላሽ የሚያውቀው እጅ ስላለ ነው።

ጉድለቷን ልንገራችሁ። በፈረንጅ ከ2002 በፊት የተሠሩት ዘይት ይበላሉ፣ የፒስተኑ ፋሻና የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹ ናቸው ችግሩ። ጠዋት ሳትነሳ ሂዱ፣ አስነሡ፣ ሰማያዊ ጭስ ካለ ወይ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ተዉ። ዝቅ ያለች ናት፤ ሳቢያን በኩል ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ሁሉ በስሙ ትጠሩታላችሁ። የአካሏ ዕቃ ደግሞ ከኮሮላ አይመጣም። የፊት መብራት ከተሰበረ መከራ ነው፣ ፓራውርቱም እንዲሁ። ስለዚህ ከሞተሩ ይልቅ አካሏን አጥብቃችሁ እዩ። «190 ፈረስ አላት» የምትባለውን ተዉአት። ሻሲዋ ዜድ ዜድ ቲ 231 ይላል፣ የተራዋ 230 ነው። 231ዷ ጥሩ ሞተር አላት፣ ግን ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ትፈልጋለች፣ ዕቃዋም የሰፈር ኮሮላ ዕቃ አይደለም። ከሴሊካ የምንፈልገው ነገር ጠፋ ማለት ነው።

ነዳጅ? ሊትሩን በ120 ብር አስቡት። ድሬ ሐረር ደርሶ መልስ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሴሊካ በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ብትወስድ 1,050 ብር ገደማ፣ ሱባሩ በ11 ሊትር 1,450፣ ኤም 3 በ12 ሊትር ወደ 1,600። እግር ከከበደ ሁሉም ይጨምራል፣ የሱባሩ ግን በጣም ይጨምራል፤ ቱርቦ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ሲነዳ አይቼ አላውቅም።

ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ በውክልና ብቻ አትግዙ፤ ስም የማይዞርበት ምክንያት ሁሉ ነገ የናንተ ችግር ነው። ሁለተኛ፣ እኛ ድንበር አካባቢ ስለሆንን መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪኖች አሉ፣ በቀኝ መሪ ከጃፓን የወጡ ሱባሩና ሴሊካ በተለይ። የዝናብ መጥረጊያውን አስነሡት። በሾፌሩ በኩል ጥግ ላይ ሰፊ ቦታ ሳይጠርግ ከቀረ መሪው መቼና የት እንደዞረ ጠይቁ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ብየዳም በባትሪ እዩ።

ለሴሊካዋ እኔ 2.3 አልከፍልም። በፈረንጅ ከ2002 በኋላ የተሠራች፣ መብራቷ ያልተሰበረ፣ ስሟ የሚዞር ከሆነ 2.1 ብዬ እጀምራለሁ፣ 2.2 ላይ እቆማለሁ። የደላላውን ደግሞ ገና መኪናውን ሳታዩ ተነጋገሩ። ሁለት በመቶ ይላችኋል፣ ከሻጩም ሌላ ሁለት ይወስዳል። በ2.2 ሚሊዮን ላይ የናንተ ድርሻ 44 ሺህ ብር ነው። ግማሹን ብታስቀሩ የመጀመሪያውን የዘይትና የፊልትሮ ቅያሬ ከነ ካንዴላው ይችላል።