«2000 እጥፍ ያጎላል» የተባለ ማይክሮስኮፕ ልትገዙ ከሆነ፣ ቆይ!

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋና አያት አካባቢ ያላችሁ ወላጆች፣ መምህራንና ትንሽ ክሊኒክ ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብቧት። ሰሞኑን በቴሌግራም «እስከ 2000 እጥፍ የሚያጎላ፣ ለተማሪም ለላብራቶሪም የሚሆን» እየተባለ የሚሸጥ ማይክሮስኮፕ አለ። ሻጩ እቤት ድረስ ያመጣል። አንዷ ጎረቤታችን ለልጇ ገዛችና «እስቲ እየው» ብላ ጠራችኝ። ላብራቶሪ ስለምሠራ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የምጠራው እኔው ነኝ።

ልጁ የቀይ ሽንኩርት ስስ ሽፋን ልጦ ስላይድ ላይ አድርጓል። ያዞረው ቀጥታ ትልቁን ሌንስ ነው፤ ሻጩ «ዋናው እሱ ነው» ብሎታላ! የሚታየው ግራጫ ጭጋግ ብቻ። ባለ 10 የዓይን ሌንሱን ከትቼ ባለ 4ቷን ትንሽ ሌንስ አዞርኩለት። ሴሎቹ እንደ ጡብ ግንብ ተደርድረው ወጡ። እንግዲህ 40 እጥፍ ብቻ ናት።

የ2000ዋ ነገር እንዲህ ነች። ጠቅላላ ማጉላት የሚገኘው የዓይን ሌንሱ ቁጥር በታችኛው ሌንስ ሲባዛ ነው። 10 በ100 ሲባዛ 1000። ሻጩ በ10ሩ ፋንታ ባለ 20 ይከትና «2000 ገባ» ይላችኋል። ምስሉ ይተልቃል፣ አዲስ ነገር ግን አይታይም። በብርሃን የሚሠራ ተራ ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን መለየት አይችልም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 ይህን ገደብ አስረድቶ ጨርሷል።

ስለዚህ ሌንሱ ጎን ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ደህና ሌንስ «40/0.65» ዓይነት ጽሑፍ አለው። ሁለተኛው ቁጥር ኒውመሪካል አፐርቸር ይባላል፤ ሌንሱ ምን ያህል ዝርዝር እንደሚለይ የሚናገረው እሱ ነው። በ1000 አባዙት፤ ከዚያ በላይ ማጉላት ትርፉ ብዥታ ነው። 0.65 ከሆነ 650 ላይ ቁሙ። 1.25 ከሆነ 1250። የጎረቤቴ ዕቃ ላይ «100» ብቻ ነው የተጻፈው፤ ሌላው ቁጥር የለም።

ባለ 100ዋ ደግሞ ያለ ኢመርሽን ኦይል፣ ማለትም በሌንሱና በስላይዱ መካከል ከሚደረገው ልዩ ዘይት ውጭ አትሆንም። ጎረቤቴ ስለ ዘይቱ ስትጠይቀው «የምግብ ዘይትም ይሠራል» አላት። ዓይን ያወጣ! እንዳትሞክሩት፤ ሌንሱ ላይ ይጣበቃል።

መጀመሪያ ማየት የምትፈልጉት ነገር ስንት እንደሚያክል አስቡ። የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊሜትር ገደማ ናት። በባለ 100ዋ ሌንስ የሚታየው ስፋት ግን 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ፍሬዋ አትገባም። ለፍሬ፣ ለቅማል፣ ለተክል ተባይ ከ10 እስከ 40 እጥፍ የሚያጎላ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ (ዕቃውን እንዳለ በሁለት ዓይን የምታዩበት) ይበቃል። የአስካሪስ (የወስፋት ትል) እንቁላል 60 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ በ100 እጥፍ ትፈልጉታላችሁ፣ በ400 ታረጋግጣላችሁ። ቀይ የደም ሴል ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ስለሆነ በ400 ይታያል። ውስጡ ያለችውን የወባ ተውሳክ ለመለየት ግን 1000 ከነዘይቱ ያስፈልጋል።

ለተማሪ ባለ 10 የዓይን ሌንስ ከ4፣ 10 እና 40 ጋር በቂ ነው። ክሊኒክ የምትከፍቱ 1.25 የተጻፈበት ባለ 100 ሌንስ ሳታዩ ብር አትላኩ። ጎረቤቴ መልስልኝ ብላ ብትደውል ሰውዬው ስልክ አያነሳም፤ ማስታወቂያው ግን ዛሬም ይለጠፋል።