ናካኖ ድረስ ሄጄ ባሳምን ገዛሁት

ልጆች ሆነን ቤታችን ዲሽ ገባ። ከዓረብ ቻናሎቹ በአንዱ «ካፒቴን ማጂድ» የተባለው የኳስ ካርቱን ፊልም ሲጀምር እኔና ወንድሜ ምሳችንን ትተን ቲቪው ፊት እንቀመጣለን። ዓረብኛ አንድ ቃል አንሰማም። ለኳስ ደግሞ ምን አስተርጓሚ ያስፈልጋል?

የማጂድ እውነተኛ የጃፓን ስሙ ትሱባሳ መሆኑን ያወቅኩት ቶኪዮ መጥቼ ነው። የምኖረው ሐበሻ በሚበዛበት ካቱሺካ ነው፤ የታሪኩ ደራሲ ዮይቺ ታካሃሺም የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው። መናፈሻ ውስጥ የትሱባሳ ሐውልት ቆሟል። የዮትሱጊ ባቡር ጣቢያማ በሥዕሎቹ ተጥለቅልቋል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የሱን ዶጂንሺ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ነው ነገር የጀመረችኝ። ዶጂንሺ አድናቂዎች ራሳቸው ሥለው፣ በኪሳቸው አሳትመው የሚሸጡት ስስ መጽሐፍ ነው። የታወቀ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ሰዎችን ወስደው ይቀልዱባቸዋል፣ ያፋቅሯቸዋል፣ ያላለቀውን ታሪክ ይጨርሱላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ቶኪዮ ውስጥ የመጀመሪያው ኮሚኬት የተባለው ገበያቸው ሲከፈት የመጡት ሻጭ ቡድኖች 32 ብቻ ነበሩ። በ80ዎቹ አጋማሽ ነገሩን ካቀጣጠሉት አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኛው ማጂድ! ሣዮቹም በብዛት ወጣት ሴቶች ነበሩ።

እና ቅዳሜ ናካኖ ወደሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ሄድኩ። ከጣቢያው በሰሜን በኩል ወጥታችሁ ጣሪያ ያለውን የገበያ መንገድ እስከ መጨረሻው ስትከተሉ ናካኖ ብሮድዌይ ይቀበላችኋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተከፈተ ያረጀ ሕንጻ ነው። ተንቀሳቃሽ ደረጃው ከአንደኛ ፎቅ አንሥቶ ሦስተኛ ላይ ነው የሚጥላችሁ፤ ሁለተኛን ዘሎት ያልፋል። እኔም እንደ ሞኝ ወጥቼ በእግሬ ወረድኩ። አሮጌ ማንጋና ዶጂንሺ የሚሸጠው ማንዳራኬ እዚሁ ሕንጻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 በትንሽ የአሮጌ ማንጋ ሱቅ ነው የጀመረው። ዛሬ በየፎቁ ተበታትኖ ሕንጻውን የወረሰው ይመስላል።

የዶጂንሺው መደርደሪያ ጋ ስደርስ ዓይን አዋጅ ሆነብኝ። መጽሐፎቹ ከመቅጠናቸው የተነሣ ጀርባቸው ላይ ርዕስ የሚጻፍበት ቦታ የለም። እያንዳንዱ በላስቲክ ታሽጎ ዋጋ ተለጥፎበታል። አንዱን በጣት ሳብ፣ ሽፋኑን አየት፣ መልሶ ሸጎጥ። ሰልባጅ እንደመምረጥ ነው፣ ጸጥታው ሲቀር። ገልጦ ማየት የለም፤ ስለዚህ የምትገዙት በሽፋኑና በዕድላችሁ ነው። አንድ ምክር፦ ብዙዎቹ ለአዋቂ ብቻ ናቸውና 18 የሚል ምልክት መኖር አለመኖሩን እዩ። በተለይ ለልጅ ስጦታ የምትፈልጉ!

ሦስት መርጬ 1,400 የን ከፈልኩ። አንዱ ላይ «ጀርባው ቆሽሿል» የሚል ወረቀት ነበር፤ እውነትም ጀርባው ቆሽሿል። ይቺን ወደድኩላቸው። ባለፈው ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ «እንደ አዲስ» የተባለ ገዝቼ ገጾቹ ተጣብቀው ነበር የመጡልኝ።

የመጀመሪያው የፍቅር ነው። የማጂድ ተቀናቃኝ፣ የኛ ባሳም፣ የጃፓኖቹ ሂዩጋ፣ ከበረኛው ጋር በዝናብ ቆሞ ሠላሳ ገጽ ሙሉ ይተያያል። እጅ መሣል ላይ ሣይዋ ደክማለች፤ ጣቶቹ ካሮት ይመስላሉ። ዓይን ላይ ግን ማንም አይደርስባትም። ሁለተኛው አልገባኝም። ለወንድ ልጆች በሚታተመው ማንጋ ከቃንጂው (ከቻይና ከመጣው የጃፓን ፊደል) ጎን አነባበቡ በትንንሹ ይጻፋል፤ እዚህ ግን የለም፣ ጽሑፉም የእጅ ነው። መዝገበ ቃላቴ ተስፋ ቆረጠ።

ሦስተኛው ገደለኝ። ፊልሙን ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ያ ሜዳ አያልቅም። ልጁ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ጎሉ ከአድማስ ማዶ ነው። ሣይዋም እሱኑ ይዛለች። ትሱባሳ መሮጥ ይጀምራል። በሁለተኛው ገጽ ጢም ያወጣል። በአራተኛው ቁጭ ብሎ ምሳ ይበላል። ሲደርስ በረኛው ምርኩዝ ይዞ፣ መነጽሩን እየጠረገ «ማን ልበል?» ይለዋል። እኔና ወንድሜ የዛሬ ስንት ዓመት ስንቀልድበት የነበረውን አንዲት ጃፓናዊት ከኛ በፊት ሥላው ኖሯል!

የመጨረሻው ገጽ ላይ የሣይዋ ሙሉ ስምና የቤት አድራሻ ታትሟል። ያኔ አንባቢና ሣይ የሚገናኙት በደብዳቤ ነበር። ቀብ አድርጌ ዘጋሁት፤ የሰው ቤት በር የከፈትኩ ነው የመሰለኝ።

የሦስተኛውን ገጾች ፎቶ አንሥቼ አዲስ አበባ ላክሁ። ወንድሜ በድምፅ መለሰ፤ መጀመሪያ ሳቁ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ «እና ጎሉ ገባ?» አለ።

አልገባም። በረኛው እንቅልፍ ወስዶታል፣ ትሱባሳም ወገቡን ይዞ እረፍት ላይ ነው።