አሞራ ገደል ላይ ቁርስ፦ ሾርባ፣ ዓሣ ጥብስና አንድ አሮጌ መረብ

ሐዋሳ ሄዳችሁ ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ጠዋት ብሉ። እኛ የመጀመሪያውን ማታ በላን፤ ከዚያ ጠዋት በላን። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

የሄድነው ለአገልግሎት ነበር። የቤተክርስቲያናችን የድራማ ቡድን 13 ሰው ሆነን፣ አልባሳቱንና የድምፅ ዕቃውን ሚኒባስ ላይ ጭነን ከአዳማ ተነሳን። ከሞጆ ታጥፈን መቂን፣ ባቱን፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን አልፈን ሐዋሳ ስንደርስ መሽቷል። ሁሉም ርቦታል። መሃል ከተማ ያገኘነው ቤት ገባንና ዓሣ ኮተሌት አዘዝን። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ሲመጣ ቀዝቅዟል፤ ዘይቱም የሰነበተ ነበር። የቤቱን ስም አልጠራም። ጸልየን በላንና ተኛን።

በማግስቱ ያረፍንበት ቤት ዘበኛ «ዓሣ ከፈለጋችሁ አሁኑኑ አሞራ ገደል ውረዱ» አሉን። ገና 12 ሰዓት ተኩል ነው። በአራት ባጃጅ ወረድን።

አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ ነው። በትንሽ ክፍያ ይገባል። ማታ የተጣለው መረብ የሚወጣው ጠዋት ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ይደርሳሉ። ልጆች ዓሣውን ከመረቡ ይፈለቅቃሉ። ቢላዋ የያዙት ደግሞ ዓይናችሁ ሳይከተለው ቅርፊቱን ገፈው፣ ሆዱን አጽድተው ይጥሉታል። ፍርፋሪውን የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ናቸው። የሰው ደረት የሚደርሱ አሞሮች ከሰው ጋር ተጋፍተው ይቆማሉ። ዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ዳቦ በእጃችሁ ይዛችሁ አትዙሩ፣ ጦጣው ይቀማችኋል።

የበላንበት ቤት ሰሌዳ የለውም። ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ወንበሩ አግዳሚ። ምድጃው ደጅ ስለሆነ የሚበስለውን እያያችሁ ትበላላችሁ። ይህን በጣም ወደድኩት።

መጀመሪያ ሾርባ መጣ። የዓሣው ራስና አጥንት ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ቀስ ብሎ የበሰለበት ነው። ቀጭን ነው፣ ግን ጣዕሙ ሙሉ ነው። ሎሚ ጨመቅንበት፣ ዳቦ አጠቀስንበት። ከመንገዱ የተነሳ ድምፁ የተዘጋው ተራኪያችን ሁለት ሳህን ጠጣ።

ቀጥሎ ዓሣ ጥብስ። ቆሮሶ ነው፤ ሐይቁ በብዛት የሚሰጠው እሱን ነው። ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑን ተልትለው ዘይት ውስጥ ይከቱታል። ውጪው ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ነጭና እርጥብ ሆኖ ከአጥንቱ በጣት ይለቃል። ጭቃ ጭቃ የሚል ነገር ፈጽሞ የለውም። ከጎኑ ዳጣ ይቀርባል። ዳጣው የዚያኑ ጠዋት የተፈጨ ነው፤ ዝንጅብሉ ይለያል። ያቃጥላል፣ ግን የዓሣውን ጣዕም አይሸፍንም። ለብለቡን ግን አልመክርም፤ ቅመም በዝቶበት ዓሣው ጠፍቷል። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም ብዙ ናቸው። እኔ የበሰለውን እመርጣለሁ፣ ለጤናም እሱ ይሻላል። ዋጋ እንደ ዓሣው መጠን ስለሚለያይ ከመታዘዙ በፊት ጠይቁ። የእጅ ውኃው በጆግ ነው፣ ሳሙና ይዛችሁ ሂዱ።

የሚያበስሉትን እናት እያመሰገንን ስናወራ «ልጆቼ፣ ትኩሱን ብሉ፣ ወሬው ይደርሳል» አሉን።

አሁን ስለ ድራማው ልንገራችሁ፣ ከምግቡ ጋር ይገናኛል። ይዘን የሄድነው ታሪክ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ምንም አልያዙም። ሲነጋ ጌታ ሐይቁ ዳር በፍም ላይ ዓሣ አብስሎ ይጠብቃቸዋል። ይህን ትዕይንት ለወራት በአዳራሽ ውስጥ ተለማምደነዋል። ዓሣውን ከካርቶን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ መረቡም የጎል መረብ ነበር። ያን ጠዋት ግን ጴጥሮስን የሚሠራው ወንድማችን ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ተነሳ። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲጎትት ፈዞ ያያል። ቀርቦ ጠየቃቸው። «በክንድህ ከሳብከው ትደክማለህ፣ በወገብህ ነው» አሉት። አስይዘው አሳዩት። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። «እስከ ዛሬ ባዶ መረብ ነበር የምጎትተው» አለኝ። እኚሁ አባት እኔ ስለ አልባሳቱ ስነግራቸው የተቀደደ አሮጌ መረብ አውጥተው ሰጡን። ገንዘብ አንቀበልም አሉ።

ከዚያ ታቦር ተራራ ወጣን። መንገዱ አጭር ነው፣ ለአርባ ዓመቱ ሾፌራችን እንኳ አልከበደም። ከላይ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ ይታያሉ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ሆኖም እንደ ሻላና አቢጃታ ጨዋማ አይደለም።

ምሳ ላይ የሲዳማ ባህል ምግብ ቤት ገባንና ቡርሳሜ በላን። ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ ምግብ ነው። ሻፌታ በሚሉት ሸክላ ቀርቦ ሁሉም ከአንዱ ይበላል። እኛ ቆጮ የምናውቀው ከክትፎ ጋር ነው፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ማዕድ ነው። ለስላሳ ነው፣ ቅቤው በደንብ የተነጠረ ነው። ከእርጎ ጋር ብሉት። ለሦስት ሰው አንድ ሻፌታ ይበቃል፣ እኛ አብዝተን አዝዘን ተረፈን።

ማታ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መረቡ መድረክ ላይ ሲዘረጋ የዓሣው ሽታ ፊት ለተቀመጡት ደረሰ። ጴጥሮስ በወገቡ ሳበ። አዳራሹ ውስጥ የሐይቅ ሰዎች እንዳሉ ያወቅነው ያኔ ነው፤ ከኋላ «አይዞህ፣ ሳብ!» የሚል ድምፅ መጣ።

በማግስቱ ወደ አዳማ ከመነሳታችን በፊት ሚኒባሱን አሞራ ገደል አቆምን። ሾርባ ብቻ፣ ለ13 ሰው። ምድጃው ላይ የነበሩት እናት ስንቱን ሳህን እንደምንፈልግ ሳይጠይቁን መቅዳት ጀመሩ።