«ቁስል በ7 ቀን የሚዘጋ የእሬት ሽፋን» ሲሏችሁ ብራችሁን ያዙ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ «ከእሬትና ከእርድ የተሠራ ናኖ የቁስል ሽፋን» እያሉ የሚሸጡት ነገር አለ። እኔ ተበልቻለሁ። እናንተም እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

እናቴ ስኳር አለባት። አዲስ ጫማ ተረከዟን ልጦት ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደርቅ አለ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላት «ለዚህች ቁስል ብዬ ወረፋ ልጠብቅ?» አለች፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ሰንፌ ስልኬ ላይ መፈለግ ጀመርኩ። ሻጩ ቸርችል ጎዳና ፖስታ ቤቱ ጋ መጥቶ አስረከበኝ። ሦስት ፍሬ፣ 2,400 ብር፣ በቴሌብር። ደረሰኝ ስለው «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የውጭ ዕቃ ነው» አለኝ። የውጭ ዕቃ ደረሰኝ የለውም እንዴ? እዚያው መንቃት ነበረብኝ።

ትእዛዙ «ለጥፉት፣ 7 ቀን እንዳትከፍቱት» የሚል ነው። በ4ኛው ቀን ክፍሉ መሽተት ጀመረ። ፋሻውን ስንፈታው ሽፋኑ እንደ ተልባ ተዝለግልጓል፣ የቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ አብጧል። እናቴ ግን ምንም አላመማትም! የስኳር በሽታ የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሕመም አይሰማም፣ የሚያስፈራውም ይሄ ነው። ጤና ጣቢያ ሲስተሯ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) አጥባ የሞተውን ሥጋ እያነሳች «መግል የያዘ ቁስል አፍናችሁ ትቀመጣላችሁ?» ብላ ተቆጣችን። አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፤ አሁን ቀን እየዘለለች ትታሸጋለች።

ማታ ቤት ገብቼ ከተረፉት አንዱን ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣልኩት። ደቂቃ ሳይሞላ ሟሟ፤ ውኃው ቢጫ ሆነ። የሌላኛውን ስቲከር በጥፍሬ ላጥ ሳደርገው ከሥሩ ሌላ ስቲከር አለ፤ የአንዲት ሴት ፊት ሥዕል። ለካ የፊት ማስክ ነው! ውኃ ሲነካው ሟሙቶ ፊት ላይ የሚቀረው ዓይነት።

የሚያናድደው የናኖ ሽፋን ሳይንሱ ራሱ ውሸት አለመሆኑ ነው። ፒቪኤ የሚባለውን ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ ሰው ሠራሽ ነገር)፣ ወይም ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣውን ኪቶሳን አሟሙተው የዕፅዋት ጭማቂ ይቀላቅሉበታል፣ ከዚያ በከፍተኛ ቮልቴጅ እየሳቡ ከፀጉር ከመቶ እጥፍ በላይ የቀጠነ ክር ያደርጉታል፤ «ናኖ» የሚባለው ለዚህ ነው። ክሩ ተደራርቦ ስስ ጨርቅ ይሆናል፤ ጭማቂው ቀስ እያለ ቁስሉ ላይ ይወጣል። ርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ቶሎ ቆዳ እንደሚያለብስም ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማ ላይ አሳይቷል። ግን ፒቪኤ በባሕርይው ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ቁስል ላይ እንዲቆይ በሙቀት ወይም በኬሚካል ክሮቹ እርስ በርስ መተሳሰር አለባቸው፤ ኬሚካሉ ደግሞ በደንብ ካልታጠበ ራሱ ሴል ይጎዳል። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለትም ከጀርም ነፃ ነው ማለት አይደለም። ቅጠል እኮ አፈር ላይ ነው የሚበቅለው።

ሻጩ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ ልኮልኝ ነበር፤ በጣም ያሳመነኝ እሱ ነው። ፋርማሲ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ አጉልቶ አየውና ሳቀብኝ። «ዳሩ ላይ የተላጨ ነጭ ፀጉር አይታይህም? ይሄ እኮ የአይጥ ጀርባ ነው።» እውነቱን ነው። የዚህ ዓይነት ሽፋን ምርምር ብዙው ገና አይጥ ላይ ነው። የአይጥ ቆዳ ደግሞ ልል ስለሆነ ቁስሉ በዋናነት ተሰብስቦ ነው የሚዘጋው፤ የእኛ ግን አዲስ ቆዳ ማብቀል አለበት፣ ጊዜ ይፈጃል። የእናቴ ተረከዝ እንደ አይጥ ጀርባ አይሰበሰብም።

ስለዚህ ቁስል ላይ የሚለጠፍ ነገር ስትገዙ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ፣ በደረሰኝ። ማሸጊያው ላይ አምራቹ፣ የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩ፣ ማብቂያ ቀኑና ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) መሆኑ ካልተጻፈ ተዉት። ስቲከር ላይ ስቲከር ካያችሁ ላጥ አድርጋችሁ እዩ፣ አትፈሩ። ከተጠራጠራችሁ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግር ከሆነ ግን ምንም ሳትለጥፉ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ።

ሰውየው ብሎክ አድርጎኛል። ትናንት ማታ በሌላ ስም አዲስ ቻናል ከፍቶ አየሁት፤ ያው አይጥ፣ ዋጋው 2,900 ገብቷል።