ለአቧራ መንገድ የትኛው ፊልትሮ? ወረቀት፣ ስፖንጅ፣ ጥጥ ወይስ ሾጣጣው

ከዝዋይ ወጣ ብሎ ባለው ፒስታ በበጋ ሞተር የነዳ ሰው የማወራው ይገባዋል። አንድ አይሱዙ ከፊት ካለፈ ለግማሽ ደቂቃ ዓይን አይገለጥም። የስምጥ ሸለቆ አቧራ ደግሞ ዝም ብሎ አፈር አይደለም። የጥንት እሳተ ገሞራ አመድ አለበት። ሲያዩት ዱቄት ነው፣ ሞተር ውስጥ ሲገባ ግን የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ሞተር ምን ያህል አየር እንደሚስብ አስሉት። 150 ሲሲ ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንዴ ይተነፍሳል። በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር 3000 ጊዜ ሳበ ማለት ነው። ሲሊንደሩ ሙሉ ከሞላ በየደቂቃው 450 ሊትር አየር ይገባል፣ ከሁለት በርሜል በላይ። ያ ሁሉ አየር የሚያልፈው መዳፍ በምታክል የአየር ማጣሪያ፣ ፊልትሮ በምንላት ነው።

መለዋወጫ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው እንደሚያስሮጥ ነው። እኔ የምጠይቀው ማን እንደሚያጥበው ነው።

ከወረቀቱ እንጀምር። ብዙ የከተማ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ይዘውት የሚመጡት እሱን ነው። ደቃቅ አቧራ በመያዝ ጥሩ ወረቀት አይታማም። አቧራ ሲጠራቀምበት እንዲያውም ይበልጥ ያጣራል። ግን መተንፈሻው እየጠበበ ይሄዳል። ያኔ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ነዳጅም መብላት ይጀምራል።

ወረቀቱ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ደረቁን ቀስ አድርጎ ማራገፍ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀላል ግፊት መንፋት ይቻላል። ሁለተኛው ከፋብሪካው ዘይት ጠጥቶ የመጣው ነው። ሲነኩት ትንሽ ይጣበቃል። ሆንዳ ብዙ ሞዴሎቹ ላይ ያደርገዋል። ይሄኛው አይነፋም፣ አይታጠብም። ሲቆሽሽ ይቀየራል፣ በቃ።

እኛ ግን የለመድነው ሁሉንም ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ሙሉ ግፊት ማስነፋት ነው። አቧራው ሲቦን ደስ ይላል። ወረቀቱ ግን ሊቀደድ ይችላል፣ ቀዳዳው ደግሞ በዓይን ላይታይ ይችላል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ከውስጥ አብሩበት። አንዲት የብርሃን ነጥብ ካያችሁ ጣሉት። አዲስ ስትገዙ ደግሞ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። እጥፋቱን አስተያዩ፣ የዳር ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑት። ፎርጅዱ እጥፋቱ የሳሳ፣ ጎማው እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ነው።

ስፖንጁ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ለገጠር መንገድ የማምነው እሱን ስለሆነ። የግብርና ባለሙያና የጤና ሠራተኛ ይዘውት ሲዞሩ የምናየው ያማሃ ዲቲ 125 ከፋብሪካው ዘይት የሚቀባ ስፖንጅ ያለው ነው። የሞቶክሮስ ተወዳዳሪዎችም በብዛት የሚጠቀሙት ስፖንጅ ነው። የሆላንዱ ትዊን ኤር ስሙን የተከለው በዚሁ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አየሩ በተጠማዘዘ መንገድ ያልፋል፣ አቧራው መታጠፍ ያቅተውና ዘይቱ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው ዘይቱ ነው። ያለ ዘይት ስፖንጅ ወንፊት ነው። አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሳይቀባ መልሶ የሚገጥም ሰው ስንቱን አይቻለሁ!

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በነጭ ጋዝ ጨመቅ ጨመቅ፣ ከእሳት ርቃችሁ። ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና። አትጠምዝዙት፣ ይቀደዳል። ጥላ ላይ ይድረቅ። ከዚያ ዘይት ቀብታችሁ ቀለሙ እኩል እስኪሆን ጨምቁት። በቤንዚን ማጠብ ግን ይቅርባችሁ። የመገጣጠሚያውን ሙጫ ይለቀዋል፣ እሳቱም ሌላ ጣጣ ነው።

ለስፖንጅ ተብሎ የተሠራ የሚያጣብቅ ዘይት ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ካጣችሁ የድሮ የሆንዳ መመሪያዎች ቁጥር 80-90 የካምቢዮ ዘይት ያዙ ነበር፣ እሱ ያግዛል። የሞተር ዘይት ቀጭን ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ወደ ታች ይወርድና ላይኛው ግማሽ ደርቆ ይቀራል። የተቃጠለ ዘይትማ ጭራሽ አይሞከርም፣ ብናኝ ብረት አለበት። የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ ማስገባትም የተለመደ ብልሃት ነው። ቀዳዳው ግን ለአቧራ ተብሎ የተለካ አይደለም፣ ቤንዚንና ዘይት ሲነካውም ቶሎ ይበጣጠሳል። ደህናው ስፖንጅም ዕድሜ አለው። ስትጫኑት ፍርፋሪ እጃችሁ ላይ ከቀረ ሞተሩ ሳይውጠው ቀይሩት።

ወደ ጥጡ እንለፍ። ቀዩ፣ ውዱ፣ ልጆች የሚወዱት። ታዋቂው ኬ ኤንድ ኤን በ1969 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ነው የተጀመረው። በሽቦ መረብ መሃል የተደራረበ የጥጥ ሻሽ ነው፣ እሱም ዘይት ይቀባል። ታጥቦ ለዓመታት ያገለግላል። አየር እንደልብ ያሳልፋል፣ እሱ እውነት ነው። ግን የሚያሳልፈው ክሩ የተራራቀ ስለሆነ ነው፣ ደቃቁ አቧራም ያንኑ መንገድ ያገኛል። ለአስፋልት ጥሩ ዕቃ ነው። የጭስ ማውጫው ማርሚታም ካርቡራተሩም ባልተነካ 150 ሲሲ ላይ ግን ጉልበቱ ሲጨምር እኔ አልተሰማኝም። ዘይት ከበዛበት ደግሞ ፊት ለፊቱ ሴንሰር ያለውን ኢንጄክሽን ሞተር ሊያስቸግር ይችላል።

ካርቶኑ ላይ "99 በመቶ ያጣራል" ተብሎ ሲጻፍ ቶሎ አትደሰቱ። የማጣሪያ መፈተኛ ደረጃው አይኤስኦ 5011 ይባላል፣ የሚፈተነውም በሻካራ ወይም በደቃቅ አቧራ ነው። ሻካራውን 99 በመቶ መያዝና ደቃቁን 99 በመቶ መያዝ ለየቅል ናቸው። የአንድ በመቶ ልዩነትም ትንሽ አትምሰላችሁ። 99 የሚይዘው ከ100 ግራም አንድ ግራም ያሳልፋል፣ 98 የሚይዘው ሁለት። የሚገባው አቧራ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ሾጣጣው ላይ ገለልተኛ መሆን አልችልም፣ አቃጥሎኛል። የፊልትሮውን ሳጥን አውልቆ ካርቡራተሩ አፍ ላይ በቀለበት የሚታሰረውን ነው የምላችሁ። አንድ መለዋወጫ ቤት "ይሄን ግጠምና እይ፣ ሌላ ሞተር ነው የሚሆንልህ" አለኝ። ሌላ ሞተር ሆነ። ድምፁ አማረ፣ መሃል ላይ ግን ጉልበቱ ጠፋ። ካንዴላውን ስፈታው ነጭ ሆኗል። አየር በዝቶ ቤንዚን አንሶታል፣ ሞተሩም ይግላል። ካርቡራተሩ የተስተካከለው ከነሳጥኑ ነው። ሳጥኑ የረጋ አየር ያጠራቅምለታል፣ ውኃና ጭቃም ይከልልለታል። እሱን ያነሳ ሰው የካርቡራተሩን ጀት፣ ቤንዚኑን የምትመጥነውን ባለ ቀዳዳ ዕቃ፣ መቀየር አለበት፣ ያውም አንዴ ሞክሮ አይገኝም። በቫኪዩም የሚሠራ ካርቡራተር ላይማ ጣጣው ይብሳል።

እኔ ጀቱን አስቀየርኩ። አቧራውን ግን ምን ላድርገው? በሁለተኛው በጋ ሰማያዊ ጭስ ጀመረ። ዘይት እየበላ ነበር። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ፒስተንና ቀለበት ተገዛ። በዚያ ወጪ ስንት ስፖንጅ ይገዛ ነበር!

የቱንም ብትገዙ አገጣጠሙ ከተበላሸ ዋጋ የለውም። ምርጡ ፊልትሮ በዳሩ አንድ ሚሊሜትር ክፍተት ካለው አቧራው በዚያ ይገባል። ከንፈሩ ላይ ስስ ግራሶ ቀቡ። ከሳምንት በኋላ ክፈቱና ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን ጎማ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ቡናማ ከሆነ የሚያሾልክ ቦታ አለ። ጎማው ተሰንጥቆ ይሆናል፣ ወይ ቀለበቱ ላልቷል።

እንግዲህ ምረጡ። ውሏችሁ አስፋልት ከሆነና ማጠብ የማትወዱ ከሆነ የፋብሪካውን ወረቀት ግዙና በጊዜው ቀይሩ። መንገዳችሁ ፒስታ ከሆነ፣ ለሞተራችሁም ልኩ የሆነ ስፖንጅ ከተገኘ፣ ሳታመነቱ ስፖንጁን ያዙ። አጥባችሁ ካልቀባችሁት ግን ከወረቀቱ ይብሳል፣ ራሳችሁን እወቁ። ጥጡ አስፋልት ላይ ለሚውልና ገንዘብ ለተረፈው ነው። ሾጣጣውን መኪና ማጠቢያ አጠገብ ቆሞ ለሚታይ ሞተር እተዋለሁ።

ስፖንጅ ከመረጣችሁ ሁለት ግዙ። አንደኛውን አጥባችሁና ቀብታችሁ በፌስታል ቋጥሩት፣ ከመቀመጫው ሥር ይግባ። እኔ በጥር ውስጥ በየሳምንቱ እቀያይራለሁ፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሳጥኑ ሥር የተንጠለጠለችውን ትንሽ ቱቦ ጨመቅ አድርጓት፣ የተጠራቀመው ውኃ ይውጣ።