የተበታተነ መጽሐፌን ለጠረዙልኝ አባት የቀረበ ምስጋና

በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ የሚጠርዙ አንድ አባት ለዋሉልኝ ውለታ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ ገጹ የረገፈ መጽሐፍ ያላችሁንም ወደ እርሳቸው ለመምራት ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም።

መጽሐፉ የእንግሊዛዊው ደራሲ የቴሪ ፕራቼት «ዘ ዊ ፍሪ ሜን» ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ልብ ወለድ፣ ቲፋኒ ኤኪንግ የምትባል የ9 ዓመት የበግ አርቢዎች ልጅ መጥበሻዋን ይዛ፣ ቁመታቸው ስንዝር ከማይሞላ፣ ስርቆት፣ መጠጥና ድብድብ ከሚወዱ ሰማያዊ ሰዎች ጋር የተሰረቀ ወንድሟን ለማስመለስ ስትዘምት ይተርካል። ማታ ማታ ለልጄ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳነብላት «ጠንቋይ» የሚለው ቃል እናቴን እጅግ አስቀየማቸው። ሆኖም ጥርስ የሌላቸው አንዲት ብቸኛ አሮጊት ጠንቋይ ናቸው ተብለው ጎጇቸው ተቃጥሎ በክረምት ብርድ እንደሞቱ ከሚተርከው ቦታ ስደርስ፣ እናቴ ዝም ብለው ቆዩና እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

ልጄ የወደደችው ግን ሌላውን ነው። ከወንዝ ብቅ ያለችው ጭራቅ ዓይኖቿ የሾርባ ሳህን እንደሚያክሉ ቲፋኒ ከመጽሐፍ ስታነብ፣ ከመፍራቷ በፊት ሳህኑን ለክታ 8 ኢንች መሆኑን ታረጋግጣለች። ልጄም በዚያው ሌሊት ማስመሪያዋን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ያ ገጽ በየቀኑ ሲገለጥ ስለኖረ ከሁሉም ቀድሞ የተገነጠለው እርሱ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ገጾቹን በሙጫ ለቅልቆ መለሰልኝ፤ በሳምንቱ እንደገና ረገፉ። እኚህ አባት ግን ሥራውን የጀመሩት ማስመሪያ አውጥተው ኅዳጉን በመለካት ነው፤ በክር ሲሰፋ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንደሚጠብ፣ መጽሐፉም እንደ በፊቱ ተዘርግቶ እንደማይከፈት አስቀድመው ነገሩኝ። አሮጌውን ሙጫ በስለት ጠርገው፣ እንግሊዝኛ ባያነቡም የገጽ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ሁለት ቅጠሎች ቦታ መቀያየራቸውንና አንድ ቅጠል መጉደሉን አገኙ። «ሳይሟላ መርፌ አላስገባም» ብለው መለሱኝ። የጎደለውን ከልጄ ፍራሽ ሥር አገኘሁት፤ የሳህኑ ገጽ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአራት ቀን አደረሱልኝ፤ ጀርባው በጨርቅ ተለብዷል፣ ልጄም በየማታው ብትጎትተው እስካሁን አንድም ቅጠል አልተነቀነቀም። የመመረቂያ ጽሑፍና የጸሎት መጽሐፍም ይጠርዛሉ። የምትሄዱ ሰዎች ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከመሄዳችሁ በፊትም ገጾቻችሁን ቁጠሩ፣ አለዚያ እንደ እኔ ትመለሳላችሁ።